ቀዩ ሞተርና የአማረች ቅቤ

ጌታ ዘንድ ለሄድሽው ለጥሩነሽ፣ እዚሁ ከቀረሁት ከባልሽ፤

ሰባ ሁለት ዓመት ሞላኝ። እንጨት አሁንም ራሴ እፈልጣለሁ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፤ ማርታ ሠራተኛ ልቅጠር ብትል እምቢ ብያታለሁ። ከቤት እስከ ገበያ ያለ ምርኩዝ ደርሼ እመለሳለሁ። ታምራት ከዘራ ገዝቶልኝ ነበር፣ በር ጀርባ አቁሜዋለሁ፤ የጎረቤት በግ ሲገባ አባርርበታለሁ። ሁለት ጀሪካን ውሃ ባንዴ ማንሳት ግን ቀርቷል። አንድ አንድ እያልኩ ነው የማመላልሰው። ይህን ለሌላ ሰው አልናገርም።

ይህንንም ደብዳቤ ራሴ ነው የምጽፈው። ታውቂ የለ፣ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። አንቺ ከኋላዬ ተቀምጠሽ ከእኔ ቀድመሽ አነበብሽ፣ እኔም ሦስት ቀን አኮረፍኩሽ። እጄ ዛሬም ከእስክሪብቶ ይልቅ መፍቻ ነው የለመደው። አንዱን ገጽ ለመሙላት አንድ ቀን ይፈጅብኛል። ለልጆቹ ብነግራቸው ይጽፉልኝ ነበር፤ ግን ይህ ነገር በሌላ ሰው እጅ የሚጻፍ አይደለም።

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤቱ እንዳለ ነው። ከጓሮ ያለው እንሰት ግማሹ ለመፋቅ ደርሶ ቆሟል፣ የሚፍቀው የለም። ቆጮ ከገበያ ነው የምገዛው፤ ውሃው ያልወጣለት ሰጥተውኝ ሁለት ጊዜ ተታልያለሁ። በምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤታችን ፎቅ ሠርቶ የጠዋት ፀሐያችንን ከልክሎናል። ከመንገዱ ዳር ደግሞ ሞተር ሳይክል የያዙ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ተደርድረው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ሴቱም ሽማግሌውም ከኋላ ተፈናጦ ይሄዳል፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እንዳላይ ፊቴን የማዞረው እኔ ብቻ ነኝ።

ለምን እንደማዞር አንቺ ታውቂያለሽ። ሌላ የሚያውቅ የለም።

ዓመትሽ ሲሞላ ልጆቹ ተሰብስበው ነበር። ማርታ ከዱራሜ መጣች፣ ታምራትም የሚስቱን ወንድሞች ይዞ መጣ። ተጸለየ፣ ተበላ። ከዚያ ታምራት የለመደውን ወሬ ጀመረ። "አባባ በደርግ ጊዜ በዚህ ሰፈር መጀመሪያ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ነው። ቀይ። ከሩቅ ድምፁ ሲሰማ ሰው ከቤቱ ይወጣ ነበር" አለ። እንግዶቹ ወደ እኔ ዞሩ። አንዱ "በዚያ ዘመን በየት በኩል አገኙት ጋሼ?" አለኝ። ታምራት ቀደመኝና "ሠርቶ ነዋ፣ ወፍጮ እየወቀረ" አለው። ተደነቁ። አንዱ ደግሞ "እኛ ዛሬ ደመወዝ እያለን ያልቻልነውን" ብሎ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። ፎቶሽ ከግድግዳው ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ተቀምጬ ሳቅሁ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጽፈው ነው። የማውቀውን ነገር ለምን ትጽፍልኛለህ ትይ ይሆናል። አንቺ የምታውቂው ምን እንዳደረግሁ ነው። ለምን እንዳደረግሁ ግን አንድም ቀን ነግሬሽ አላውቅም።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ማርታ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ታምራት አልተወለደም። የገበሬ ማኅበሩ ሁሉ ወፍጮ ይተክል ስለነበር ሥራ ሞልቷል። ዛሬ ሞርሲቶ የወፍጮ ድንጋይ ስወቅር እውላለሁ፣ ነገ ሙዱላ ሞተሩ አልነሳ አለ ብለው ይጠሩኛል። መዶሻና መፍቻዬን በጆንያ ተሸክሜ ወይ በእግሬ ነው፣ ወይ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥዬ። አንድ ቀን እግሬ ቆስሎ ስመለስ ሞተር ሳይክል እንግዛ ያልሽው አንቺ ነሽ። ይህንንም ልጆቹ አያውቁም፤ ሐሳቡ የእኔ ይመስላቸዋል። በሬያችንን ሸጥን። እኔ ከእጅ ሥራዬ ያጠራቀምኩትን ጨመርኩ፣ አንቺም ከሳጥንሽ ሥር ቋጥረሽ ያስቀመጥሽውን ፈትተሽ ጨመርሽ።

የእናትሽ ጎረቤት የሆነ መምህር ከዱራሜ ሊዛወር ነው፣ ሞተሩን ይሸጣል ተባለና አብረን ሄደን አየናት። ትንሽ፣ አመድማ፣ ዝቅ ያለች። የቤንዚን መያዣ ሰልባትዮዋ በአንድ ጎኑ ጎድጉዷል። እንደ ባለሙያ አየኋት። ካንዴላዋን ፈትቼ አየሁ፣ ንጹሕ ነው። ዘይት አታፈስም። በመጀመሪያው ምት ተነሳች። በዚያ ዋጋ ከዚያ የተሻለ እንደማላገኝ በደንብ ገብቶኝ ነበር። አንቺ ቀሚስሽን ሰብስበሽ ከኋላ ተቀመጥሽባት፣ እግርሽ መሬት ነካ። "ይቺ ትሁን። እናቴን ልጠይቅ ስል በዚህች እመጣለሁ። ብንወድቅም ከቅርብ ነው የምንወድቀው" አልሽ። መምህሩ በጣም ሳቀ። ዋጋዋም በእጃችን ካለው አይበልጥም። ለቅዳሜ ተቀጣጥረን ተመለስን።

በዚያው ሳምንት ሹፌር ንጉሤ ቀዩን ሞተር ከአዲስ አበባ በመኪናው ጭኖ አመጣ። እዚሁ ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ አወረደው። ትልቅ ነው፣ የቀለሙ ቅላት ያንጸባርቃል፣ መስተዋቶቹ እንደ በሬ ቀንድ ከሁለት በኩል ወጥተዋል። ሰው ከበበው። እኔ ከወፍጮ ቤት ዱቄት እንደለበስኩ ነው የደረስኩት። እጄን ሰድጄ መቀመጫውን ስነካ አምስቱ ጣቴ በነጭ ታተመበት። ንጉሤ በእጅጌው ጠረገው። "ተው እንጂ ዱቄቱ። ይሄ የወንድ ነው። ለአንተ ያቺ የመምህሩ ውርንጭላ ትበቃሃለች። ደግሞ ሚስትህ ናት አሉ የመረጠችልህ" አለ። የዱራሜው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሆሳዕና ገብቶ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ይኸው ነው ጥሩዬ። ሌላ ምክንያት የለውም። ኋላ ላይ ለራሴ ብዙ ምክንያት ሠርቻለሁ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዳገት ይበዛዋል፣ ትንሿ አትችለውም ብዬ። ውሸት ነው። ትንሿ ዳገቱን ትወጣው ነበር። ሰው ስለሳቀብኝ ነው። የቀዩን ካንዴላ እንኳ ፈትቼ አላየሁም። እዚያው ቆሜ ቀብድ ሰጠሁ።

ዋጋው ካለን በላይ ነበር። ንጉሤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካላሟላህ ለሌላ እሸጠዋለሁ፣ ቀብዱም አይመለስም አለኝ። ለአንቺ የነገርኩሽ ግን ቀሪውን ቀስ ብዬ እንድከፍል ተስማምቷል ብዬ ነው። "የዱራሜዋስ?" አልሽኝ። "ተሸጠች" አልኩሽ። አልተሸጠችም። መምህሩ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ደጁ ላይ ሲጠብቀን እንደዋለ እናትሽ ኋላ ነግረውሻል፣ አንቺም ሰምተሽ ዝም ብለሻል።

ቅቤው ላይ ደረስኩ። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ቆሜ ነበር።

ዊጆ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ግን ልጆቹ አንድ ቀን ይህን ቢያነቡት ይረዱት ዘንድ ልጻፈው። ስምንት ሴቶች ነበራችሁ። በየሳምንቱ እያንዳንዳችሁ የተለካ ቅቤ ታዋጡና ተራ የደረሳት ትወስደዋለች። ጸሎት ቤታችሁ በዚያን ጊዜ ታሽጎ ስለነበር የምትጸልዩትም እዚያው ነው፤ ሴቶች ቅቤ ሊሰበስቡ ነው ከተባለ ቀበሌው አይጠይቅም። ለአንቺ ዊጆ ማለት ቤተ ክርስቲያንሽም ነበር። በዚያ ጊዜ ከስምንታችሁ አንዷ አማረች ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባታል፣ በሁለተኛው እሷም ወራት ሙሉ ከአልጋ አልተነሳችም ነበር። ስለዚህ ሁላችሁም ተራችሁን ትታችሁ ለአራስነቷ አንድ ትልቅ ማሰሮ ሙሉ ቅቤ ልታጠራቅሙላት ተስማማችሁ። ጠባቂዋ አንቺ ተደረግሽ። ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ቃል ጥሩነሽ ቤት ይቀመጥ አሉ።

በእኛ አገር ወንድ የቅቤ ማሰሮ አይከፍትም። ቢያምረው ይጠይቃል እንጂ ጓዳ ገብቶ ክዳን አያነሳም። አባቴ ያን ያህል ዘመን ኖሮ የእናቴ ቅቤ በየትኛው ጥግ እንደሚቀመጥ ሳያውቅ ነው የሞተው። እኔ ግን ገባሁ። አንቺ ጓሮ ከሴቶቹ ጋር እንሰት ስትፍቂ ነበር። ድምፃችሁ ይሰማኛል፤ አማረች ማጎንበስ ስላልቻለች ቁጭ ብላ ወሬ እያመጣች ታስቃችኋለች። በማሰሮው አፍ የእንሰት ቅጠል አስረሽበታል። ቋጠሮሽን ፈታሁ። በእጄ እየዛቅሁ በቅጠል ጠቀለልኩና መዶሻ በምይዝበት ጆንያ ከተትኩት። ከዚያ ያንቺን ቋጠሮ አስመስዬ መልሼ አሰርኩት። ሆሳዕና ብሸጠው ሰው ያውቀኛል ብዬ ወፍጮ ልሠራ ነው እያልኩ ሞርሲቶ ወሰድኩት። የገዛኝ ነጋዴ "አንተ ደግሞ ከሴት ነገር ጋር ምን አገናኘህ?" አለኝ። "ሚስቴ ታማብኝ ነው" አልኩት።

አማረች ልትወልድ ሁለት ወር ይቀራታል ብዬ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ በቀዩ ሞተር ዞሬ ሠርቼ፣ ማንም ሳያውቅ ማሰሮውን ሞልቼ እመልሰዋለሁ። ሐሳቤ ይህ ነበር። ሞተሩን ግቢ ሳስገባው ደጃፍ ላይ ቆመሽ አየሽው። "ከፍ ያለ ነው" አልሽ።

በሳምንቱ አማረች ያለ ቀኗ ምጥ ያዛት። ልጅቷ ትንሽዬ ሆና፣ ግን በሕይወት ተወለደች። ጠዋት ሴቶቹ እልል እያሉ ቅቤውን ሊወስዱ መጡ። እኔ ሞተሩን በጨርቅ እየወለወልኩ ነበር። አንዷ ስታልፍ "ፈረስህ ሣር ነው የሚበላው ወይስ እንደኛ ቆጮ?" ብላ ቀለደችብኝ። ሳቅ አልኩላት። ያኔ እንኳ ልነግርሽ እችል ነበር። ከቆምኩበት እስከ ጓዳው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። "ጥሩነሽ፣ አንዴ ነይ" ማለት ይበቃኝ ነበር። ጨርቁን ይዤ ቆምኩ።

ማሰሮውን ራስሽ ወደ ብርሃን አወጣሽው። ገና ስታነሺው ቀለለሽና ፊትሽ ተለወጠ። ቋጠሮውን ፈትተሽ ቅጠሉን አነሳሽ። እልልታው ተቋረጠ። አንቺ ማሰሮው ውስጥ ብዙም አላየሽም። ቀና ብለሽ በበሩ በኩል መጀመሪያ እኔን አየሽኝ፣ ከዚያ ከኋላዬ የቆመውን ቀይ ነገር። ሁሉም ባንዴ ሲገባሽ አየሁ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞርሽና "እኔ ነኝ። ቸግሮኝ ሸጥኩት" አልሽ።

አንዷ ሞተሩን በአገጯ እያሳየች "ለዚያ ነው?" አለችሽ።

"እሱ አያውቅም" አልሽ።

እኔም አላውቅም አልኩ። በአፌ አላልኩም፤ ዝም በማለቴ አልኩ።

አማረች የአራስነቷን ወራት በደረቅ ቆጮ አሳለፈች። ሴቶቹ ከየቤታቸው ያለውን ጠራርገው አመጡላት፤ ግን ላም ወተት የምትነጥፍበት ደረቅ ወር ስለነበር የሚበቃ አልተገኘም። ተኝታ ከረመች። ልጅቷ አደገች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት። የእናቲቱ ወገብ ግን ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ አራስነት ነው ይላሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ይላሉ ብቻ ነው የምልሽ።

አንቺን ከዊጆው አስወጡሽ። እንሰት መፋቅ ሴቶች ተሰብስበው፣ እየተሳሳቁ የሚሠሩት ሥራ ነው። አንቺ ለብቻሽ ፋቅሽ፣ ማርታ ከጎንሽ በትንሽ እጇ ቅጠል እየያዘችልሽ። በሞተሬ ከሥራ ስመጣ ከጓሮ ይሰማኛል፤ አንድ ሰው ብቻ ሲፍቅ። ስትጨርሺ እዚያው ተንበርክከሽ በሹክሹክታ ትጸልያለሽ። ከዚያ ገብተሽ ምግቤን ታቀርቢልኛለሽ። ብትጮኺብኝ ይሻለኝ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ታምራትን ስታጥቢ፣ የቀብዱን ነገር ከሰው ሰምተሽ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ "ንጉሤ ቀብዱን በልቶት ቢቀር ምን ነበረበት? መጥተህ ብትነግረኝ እኔ ምን እልህ ነበር?" አልሽኝ። "ወጥ አለ?" ብዬ ጠየቅሁሽ። ተነስተሽ አመጣሽልኝ።

ሞተሩም እንደታሰበው አልሆነም። ቤንዚን በኩፖን ሆነ፣ ለእኔ ዓይነቱ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ ያ ደግሞ እንደ ግመል ነው የሚጠጣው። ካንዴላውን በስተመጨረሻ ስፈታው በዘይት ጠቁሮ አገኘሁት፤ ፒስተኑ የተበላ አሮጌ ሞተር ነው፣ ቀለም የተቀባ። ከወሩ የሚበዛውን ቀን ከቤቱ ጣሪያ ሥር ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበት ነበር። ማርታ የምታስታውሰው እላዩ ላይ ወጥታ ስትጫወት ነው። አንቺ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥሽበትም። ላድርስሽ ስልሽ "ተወኝ፣ በእግሬ ይሻለኛል" ትይኛለሽ።

ሁለት ዓመት እንደሞላ ዱራሜ ሄደሽ ከእናትሽ ዘንድ ሁለት ማሰሮ ቅቤ ይዘሽ መጣሽ። አንዱ መተኪያ፣ አንዱ መቀጫ። በጭነት መኪና ላይ ማሰሮዎቹን በጉልበትሽ መሃል አጥብቀሽ ይዘሽ። ያን ዕለት ሞተሩ ውስጥ ቤንዚን ነበረ። መጥቼ አልተቀበልኩሽም። ቅቤ ጭኜ ከተማ ብገባ ሰው ምን ይለኛል ብዬ። ሴቶቹ ቅቤውን ተቀብለው ወደ ዊጆው መለሱሽ። አማረች ብቻ ድርሻዋን አልወሰደችም። "የምበላበት ጊዜ አልፏል" አለች አሉ። ያንን ሰምተሽ የዋልሽበት ቀን ፊትሽ ትዝ ይለኛል። ሞተሩን ከዚያ በዓመቱ ሸጬ የቤቱን ቆርቆሮ ገዛሁ። ጎረቤት "ጎበዝ፣ ቤቱን አለበሰ" ብሎ አመሰገነኝ።

ለምን አልተናገርኩም? በመጀመሪያ በሥራዬ አፈርኩ። ኋላ ደግሞ አለመናገሬ አሳፈረኝ፣ እሱ ከመጀመሪያው ባሰ። ዓመት በጨመረ ቁጥር አፌ እየከበደ ሄደ። ደርግም ወደቀ፣ ጸሎት ቤታችሁም ተከፈተ፣ ልጆቹም ተዳሩ። ሽማግሌ ሆንኩና ሰው አስታርቀን ብሎ ይጠራኝ ጀመር። ስንቱን "እውነቱን አውጣና ተገላገል" ብዬ ተቆጥቻለሁ። ስመለስ ነጠላ ጫማዬን ታቀርቢልኛለሽ፣ "ታረቁ?" ትይኛለሽ። "ታረቁ" እልሻለሁ።

ለቅሶሽ ላይ የሆነውን አላየሽም፣ ልንገርሽ። ድንኳኑ ውስጥ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል ተቀምጧል። ደግነትሽን ያነሳሉ። አንዲት ሴት "ሁሉ ነገሯ ጥሩ ነበር፣ ያ የቅቤው ነገር ብቻ" አለች። ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ጆሮዬ ግን ገና ደህና ነው። የመለሰችላት አማረች ናት። ወገቧን ይዛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከለቅሶሽ አልጠፋችም። "ተይ እባክሽ፣ አሁን ይሄ ይወራል? እኔ ከልቤ ይቅር ብያታለሁ" አለች።

ባልሠራሽው ነገር ይቅር ተባልሽ። የሥራው ባለቤት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ሰው አይዞህ እያለው፣ ሰማ። መነሳት ነበረብኝ። ጉልበቴን ይዤ ልነሳ ስል ታምራት ውሃ የጠማኝ መስሎት በብርጭቆ አመጣልኝ። ጠጣሁና ተቀመጥኩ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ይህ ነው። ባለፈው ወር ቆርጬ አማረች ቤት ሄድኩ። "ዛሬ ምን እግር ጣለህ?" አለችኝ። "እንዲሁ ልጠይቅሽ" አልኩ። እርጎ አቀረበችልኝ። ስላንቺ አወራችልኝ፣ እንዴት አብራችሁ እንደተጫወታችሁ፣ ጸሎት ቤቱ ታሽጎ ሳለ ቀስ ብለሽ እንዴት ትዘምሪላቸው እንደነበር። ከዚያ "ያ ነገር በልቤ የለም ወንድሜ። ቸግሯት ነው እንጂ ክፉ አልነበረችም። አንተም ምስኪን አታውቅ ነበር" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

አዎ አልኩ ጥሩዬ። የመጣሁበትን ቃል ይዤ፣ እርጎዋን በእጄ ይዤ፣ አዎ አልኩ። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሰው ሳቀብኝ እላለሁ። አሁን ማን ሳቀብኝ? ከሞትሽም በኋላ ደግሜ ሸጥኩሽ። እርጎውን ጠጥቼ፣ መርቄያት ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ወረቀትና እስክሪብቶ የፈለግሁት በዚያው ቀን ነው።

አስታውስሻለሁ ብዬ ልጨርስ ነበር፣ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚዘጋው። አስታውስሻለሁ፣ እሱ ምንም አይቸግረኝም። ግን ስምሽ ላይ ያለውን እስካነሳ ድረስ ማስታወሴ አይቆጠርልኝ። ስለዚህ ያለብኝን ዕዳ በተራ ልጻፈው። በወረቀት ካልሰፈረ ላመልጥ እንደምችል ራሴን አውቀዋለሁ። አንዱንም ታምራት አይከፍልልኝም፣ አንዱንም ማርታ አትከፍልልኝም። ሁሉንም በእግሬ ሄጄ ነው።

ለልጆቹ። ሁለቱንም ጠርቼ፣ ከሞተሩ ወሬ የጎደለውን እነግራቸዋለሁ። ትንሿን ሞተር የመረጠችው እናታችሁ ናት፣ እኔ ነኝ ያልሰማኋት እላቸዋለሁ። ታምራት ያፍርብኛል። ይፈር።

ለዊጆው ሴቶች። ከስምንታችሁ ከአማረች ሌላ ሁለት ቀርተዋል። እሑድ ጸሎት ሲያበቃ ሰው ሳይበተን ቆሜ እናገራለሁ። ተቀምጬ አልናገርም።

ለሞቱት። ልጆቻቸው አሉ፣ እናቶቻቸው የነገሯቸውን ይዘው የቀሩ። ቤት ለቤት እዞራለሁ። የአንደኛዋ ልጆች ሞርሲቶ ናቸው፣ በመኪና ደርሼ እመለሳለሁ። የአንዷን ልጆች አድራሻ አላውቀውም፣ ጠይቄ አገኘዋለሁ።

ለእናትሽ። ሁለት ማሰሮ ቅቤያቸው ለእኔ ነው የወጣው፣ ሳያውቁ ሞቱ። ዱራሜ ታላቅ ወንድምሽ ዘንድ ሄጄ በቤታቸው ደጃፍ እነግረዋለሁ። ቢያባርረኝም ነግሬው ነው የምባረረው።

ለአማረች። የእሷን መጨረሻ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያዋ ስለሆነች ነው፣ ከሁሉ በፊት የምሄደው እሷ ጋ ነው። ከነገ ወዲያ ገበያ ነው። ከሴቶቹ ተርታ ገብቼ ቅቤ እገዛለሁ። ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት እንደሚለዩት አላውቅም፣ እጃቸው ላይ ቀብተው ሲያሸቱ አይቻለሁ፣ እንዲያሳዩኝ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ትልቅ ማሰሮ ሙሉ። ሸክሙ ይከብደኛል፣ ባጃጅ ግን አልይዝም፤ እያረፍኩ በዋናው መንገድ እሄዳለሁ። ሽማግሌው ቅቤ ይዞ የት ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቆሜ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደወሰደው እነግረዋለሁ። አማረች ቤት ስደርስ ከደጅ አውርጄ፣ ሳልቀመጥ፣ ከሁሉ በፊት፣ አውቅ ነበር፣ የወሰድኩትም እኔ ነኝ ብዬ ያን "አዎ" እመልሳለሁ።